ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ትንቢት

ቶጎጫሌ ስሟ ውስጥ ያለው «ቶግ» በሶማሊኛ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ደረቅ ወንዝ ማለት ነው። ቶግ ባለበት አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው ሩቅ ተራራ ላይ ነዋ! ጎርፉን ያየ ሰው ነው ያንን ዝናብ የሚያስታውሰው።

የድርሰት ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አላቸው፤ ንግር ይሉታል። ደራሲው ኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ በትንሽ ነገር ይጠቁማል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻውን በርዕሱ ላይ አስቀምጦታል፤ በዛብህም ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው። ሰብለን ባየ ጊዜ ስለቱ እዚያው ተቀምጦ እየጠበቀው ነበር።

የቶጎጫሌ ሰው ግን ለንግር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የጅግጅጋ ኤርፖርት የተሰየመው በጋራድ ዊልዋል ነው፤ ስለዚሁ ጋራድ የሚነገር ታዋቂ ተረት አለ። ጋራዱ «ሰውን የሚያጣላውንም የሚያፋቅረውንም የበግ ሥጋ አምጡልኝ» ብሎ አዘዘ። ሌላው ጎድኑን፣ ጭኑን፣ ምርጥ ምርጡን ተሸክሞ መጣ። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ አንድ ድሃ ግን፣ ሴት ልጁ መክራው፣ እያፈረም ቢሆን ጉሮሮውን ይዞ ቀረበ። መልሱ እሱ ነበር። ጉሮሮ ብቻውን ሲውጥ ሰው ይጣላል፤ ተካፍሎ ሲውጥ ይፋቀራል።

ልብ ይበሉ፣ መልሱ ከመጀመሪያው ተነግሯል። ድሃው ልጆቹ ተርበዋል ሲባል ሰሚው የድህነት ማሳያ አድርጎት ያልፋል እንጂ ከጉሮሮ ጋር አያገናኘውም። ጥሩ ንግር ምልክት አይመስልም። (ጥቁር ወፍ ጮኸ፣ ሰማዩ ጠቆረ የሚለው ድርሰት ይህን አያውቅም።)

ታዲያ ይህ የሚቻለው ተራኪው መጨረሻውን ስለሚያውቅ ነው። ችግሩ የፖለቲካ ተንታኞቻችን ይህን ሥልጣን ወደ ዜና ማምጣታቸው ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ «ምልክቱ ድሮም ነበር» የሚል ጎረፈ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ ሲስማሙም እንዲሁ ተባለ። ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ መጨረሻዎች፣ ሁለቱም «ቀድመው የታወቁ»! ትንቢት ይቀድሞ ለነገር ይባላል፤ እዚህ ግን ነገሩ ቀድሞ ትንቢቱ ተከተለ።

ይህ ትንተና አዲስ አበባ ላይ ጨዋታ ነው። ቶጎጫሌ ላይ ግን ሰው ወሬ ሰምቶ ዕቃ ያስገባል ወይም ይተዋል፤ ሽልንግ ይይዛል ወይም ይመነዝራል። ከእያንዳንዱ ስምምነት በፊት በነበረው ሳምንት ሰማዩ ለእሱ ጥርት ያለ ነበር። ምልክት ቢኖር እንኳ ከሌላው መቶ ወሬ የሚለይበት ቀለም አልነበረውም፤ ዕዳው ግን የሚከፈለው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።