ስኮላርሺፕ አገኘች! ቀሪውስ?

መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ምሽት ቤታችን በእልልታ ቀለጠ። ትልቋ ልጄ ስልኳን ይዛ ከመኝታ ቤቷ እየሮጠች ወጣችና «እማ፣ ተቀበሉኝ! ስኮላርሺፕም ሰጡኝ!» አለች። አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ ነው። ደብዳቤው በዓመት 24 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ እንደተፈቀደላት ይናገራል። እናቴ እልል አለች፤ ባለቤቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ ቡና አፈላሁ። በማግስቱ ዘመድ ሁሉ ሰምቶ «ልጅሽ አሜሪካ ስኮላርሺፕ አገኘች አሉ!» የሚል ስልክ ሳነሳ ዋልኩ።

እናንተም ቤት 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ያን ምሽት አልማችሁት ይሆናል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ እልልታው አይደለም። ከእልልታው በኋላ ስለመጣው ሒሳብና ከሒሳቡም በላይ ስለከበደኝ አንድ ጥፋቴ ነው።

ደስታው በረድ ሲል ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። 24 ሺህ የምትለው ቁጥር ከላይ በጉልህ ተጽፋለች። በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ አለ። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ የጤና መድን ሲደመር 46 ሺህ ዶላር ነው። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የሰው ሒሳብ ሳመሳክር የምውል ሴት የራሴን ልጅ ደብዳቤ ግን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቤ ነበር ቡና ያፈላሁት። ከ46 ላይ 24 ሲቀነስ 22 ሺህ ዶላር ይቀራል። ያኔ በባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። 1,254,000 ብር ማለት ነው። ያውም ለአንድ ዓመት ብቻ።

«ሠርታ ትሸፍነዋለች»

በመጀመሪያ የደወልኩት ማመልከቻዋን ላገዛት አማካሪ ድርጅት ነው። ጥሩ ክፍያ ተቀብሎናል። «አይጨነቁ፣ ቀሪውን እዚያ እየሠራች ትሸፍነዋለች» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ትምህርት ባለበት ጊዜ መሥራት የሚፈቀድለት ግቢው ውስጥ ነው፤ ያውም በሳምንት ከ20 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። የትምህርት ጊዜው 30 ሳምንት ገደማ ነው ብንል፣ በሰዓት 12 ዶላር ብታገኝ፣ አንድ ቀን ሳትቀር ብትሠራ 7,200 ዶላር ይሆናል። 22 ሺህ አይሞላም። በዚያ ላይ ለቪዛው የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ወረቀት ኮሌጁ የሚሰጠው የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ መኖሩ ከወዲሁ ሲረጋገጥ ነው። «ወደፊት ሠርታ ታመጣዋለች» የሚል የባንክ ደብዳቤ የለም።

ቀጥዬ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ምን ያስጨንቅሻል? ፋፍሳ ሙሉ። የኔም ልጅ በሱ ነው የምትማረው» አለኝ። ለአንድ ቀን ተስፋ አደረግሁ። በኋላ ስንጠይቅ ፋፍሳ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ መሆኑን ተረዳን። የሚያገለግለውም ለአሜሪካ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸውና ጥገኝነት እንዳገኙት ላሉ ጥቂት ሌሎች ነው። የወንድሜ ልጅ በዚያ በኩል ፔል ግራንት ታገኛለች። ይህ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ከመንግሥት የሚሰጥ የተማሪ ብድርም አላት። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ለምትሄደው ልጄ ግን ይህ በር ዝግ ነው። ወንድሜ አልዋሸኝም፤ እሱ የሚያውቀው የሱን በር ነው። ቤተሰባችሁ ዲቪ ደርሶት ከሄደ ግን ይህ በር ለልጆቻችሁም ክፍት ነውና አስታውሱት።

ባለቤቴ በበኩሉ «ቪትዟን እንሽጣት» አለ። እሺ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ቪትዟ። ለሁለተኛውስ? ለሦስተኛውስ? ከኋላ የሚከተለው ታናሽ ወንድሟስ?

ሰሙነ ሕማማት ረቡዕ

አንድ ነገር ሞከርን። ለኮሌጁ ግልጽ ደብዳቤ ጻፍን። የሁለታችንን ደመወዝ፣ የቤት ኪራዩን፣ የታናሽየውን ትምህርት ቤት ክፍያ ዘርዝረን ድጋፉ እንዲጨመርላት ጠየቅን። እንዲህ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ኮሌጆቹም የለመዱት ነገር ነው። 3 ሺህ ዶላር ጨመሩ። ቀሪው 19 ሺህ ሆነ።

መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን በፈረንጆች ሜይ 1፣ በኛ ሚያዝያ 23 ነበር። በዚያ ዓመት ሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ዋለ። ማክሰኞ ማታ ልጄን ሳሎን ጠርተን ከአባቷ ጋር ሆነን ሒሳቡን አሳየናት። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችውና እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላ ቦታ አመለክት ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ለሳት ፈተና ስታጠና፣ ድርሰቷን ስትጽፍ፣ «ስንት መክፈል እንችላለን?» ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር «ስለ ገንዘቡ አንቺ አታስቢ፣ አንቺ ብቻ ተማሪ» እያልኩ ነው የመለስኩላት። እናንተስ ይህን አላላችሁም? የኛም ወላጆች ብለውናል። ፍቅር መስሎን ነው የምንለው። እኔ ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ልጄን ልትገባበት በማትችለው በር ፊት ሁለት ዓመት አቆምኳት።

ረቡዕ ጠዋት ራሷ «አልመጣም» ብላ ጻፈችላቸው። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል እኔና እሷ ከ«እንዴት አደርሽ» ያለፈ አልተነጋገርንም።

ሐምሌ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዋን ተፈተነች። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ሚያዝያ ላይ 1,083,000 ብር የነበረው ቀሪ ክፍያ 1,900,000 ብርን ተሻገረ። እሺ ብለን ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ተሽጣ፣ ልጄም አንድ ዓመት እንኳን ሳትጨርስ ልትመለስ ትችል ነበር። ይህን ሳስብ እፎይ ብያለሁ፤ ጥፋቴን ግን አላቀለለልኝም።

ከመጀመሪያው ባውቀው ኖሮ

ያን ክረምት ከልጄ ጋር የታረቅነው አብረን በመፈለግ ነው። ያገኘነውን እነሆ።

ስኮላርሺፕ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በውጤት የሚሰጥ ነው፤ የልጄ ዓይነቱ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ከዋጋው ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነው። ሌላው በቤተሰብ አቅም የሚሰጥ ነው። ኮሌጁ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለውን አስልቶ ቀሪውን ራሱ ይሸፍናል። ለመካከለኛ ገቢ ላለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ትልቁ ተስፋ ሁለተኛው ነው።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ለውጭ ተማሪዎችም ቢሆን የገንዘብ አቅምን ሳያዩ ይቀበላሉ፤ ለተቀበሉት ተማሪም አቅሙ የጎደለውን ሁሉ ይሞላሉ። ከ2022 ጀምሮ ዳርትማውዝና ቦውደንም ተጨምረዋል። ሃርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዓመት ጀምሮ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 100 ሺህ ዶላር ለማይሞላ ተማሪ መኝታና ምግቡን ጭምር ይሸፍናል። ዋጋቸውን አይተን «የሀብታም ልጅ ቦታ ነው» ብለን የዘለልናቸው ኮሌጆች ለኛ ከሌሎቹ ሊረክሱ ይችሉ ነበር። መግባቱ ግን እጅግ ጠባብ በር ነው፤ ልጃችሁ በእነዚህ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል አትፍቀዱ። ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ሙሉ እርዳታ ቢሰጡም «እርዳታ እፈልጋለሁ» ማለት የመቀበል ዕድልን ያጠባል።

በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። በምትኩ ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ይሠራል። ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ወርሃዊ አበል፣ የጤና መድን፣ የደርሶ መልስ ትኬትና አንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ያካትታል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ መፈለግ ስትጀምሩ ወቅቱ አልፏል።

በአቅም የሚሰጠውን እርዳታ ለመጠየቅ ብዙዎቹ ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለ ቅጽ ያስሞላሉ። ደመወዝ፣ ቤት፣ መኪና፣ ተቀማጭ፣ የታናናሾች ትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ ይጠየቃል። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል። ይህን መክፈል ከከበዳችሁ ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ኮድ ይልካሉ፣ ሌሎቹ ነፃ ቅጽ አላቸው። ገቢን ዝቅ፣ ወጪን ከፍ አድርጎ የሚሞላላችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ ሽሹት። ማስረጃ ይጠየቃል፤ ውሸቱ ከተገኘ የሚባረረው ልጃችሁ ነው። ቪዛም ራሱን የቻለ ሌላ በር ነው፤ ኮሌጅ ተቀበለ ማለት ኤምባሲ ፈቀደ ማለት አይደለም።

እዚሁ ያለውስ ነፃ ነው?

ልጄ ማለፊያውን 50 ከመቶ በደንብ አልፋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዚያ ክረምት እንደገና ያመለከተችባቸው ሁለት ኮሌጆች አልተቀበሏትም፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ትምህርቷንም ወዳዋለች።

እኔ የተማርኩት ወጪ መጋራት ሳይመጣ ስለነበር «የመንግሥት ነፃ ነው» የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል። ነፃ አይደለም። ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን ድርሻ ሲመረቅ ከደመወዙ ሊከፍል በየዓመቱ ውል ይፈርማል። ብድር ነው፤ ያውም ልጁ በስሙ የሚፈርመው የመጀመሪያው ብድር። ታናሽ እህቴ ስትመረቅ የፈረመችው ስንት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ከዓመታት በኋላ ኦርጅናል ዲግሪዋ ሲያስፈልጋት መጀመሪያ ዕዳሽን ጨርሺ ተባለች፤ ወረቀት ፍለጋ ስንት ቀን ተመላለሰች።

ስለዚህ ልጄ ስትፈርም «ዝም ብለሽ ፈርሚ» አላልኳትም። የትኛውን አገልግሎት ትጠቀሚያለሽ፣ ስንት ተጻፈ፣ ብለን አብረን አነበብነው። የየዓመቱን ቅጂ የምናስቀምጥበት አንድ ፋይል አለን። ላዩ ላይ የተጻፈው በሷ እጅ ነው፦ «የኔ ዕዳ»። እየሳቀች ነው የጻፈችው።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገባ። በመስከረም አንድ እሑድ፣ ቡና እየጠጣን፣ እኔና አባቱ አንድ ወረቀት ፊቱ አስቀመጥን። ላዩ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሳንበደር፣ ቤት ሳንሸጥ፣ በዓመት ለሱ ትምህርት ልናወጣ የምንችለው ገንዘብ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ለልጅ አቅምን ማሳየት ገመናን እንደማሳየት ሆኖብኝ ነበር።

ቁጥሩን አየና «ይቺ ብቻ ናት?» አለኝ።

«ይቺ ብቻ ናት።»

እህቱ ከአጠገቡ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና እስክሪብቶ አነሳች። «ጥሩ ነው» አለችው። «አንተ ቢያንስ ከየት እንደምትጀምር አውቀሃል።»