ከድሬዳዋ ድመት ጋር እንቆቅልሽ

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ የሚላክ ጸሐፊ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር ስለ ሙቀቱ ነው። «ካፖርትህን ተወው፤ ስስ ሸሚዝ ያዝ» ይሉታል። ስለ ድመቶቿ ግን የሚነግረው የለም። እኔም ሳልሰማ ሄድሁ።

ከተማይቱ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረርን አልሞ ቢመጣም፣ ተራራውን መውጣት ስለ ከበደ ከግርጌው ቀረ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። እንዲያውም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪኩ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ይቆማል፤ ለእኔ ግን የድሬዳዋ ፊት አሁንም ያ የከዚራው አሮጌ ጣቢያ ነው። በከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉም ጥላ ያለው ነው። የደቻቱን አሸዋ ተሻግረው መጋላ ሲገቡ ደግሞ መንገዱ ይጠባል፤ የከፊራ ገበያ ቅስት በርና የሻጮቹ ጫጫታ ይቀበልዎታል።

ያረፍሁት ከዚራ ውስጥ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ በድሬ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም። ምንጣፍ በግቢው ይነጠፋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀል ይሰማል። ሳንቡሳውም አይቀርም። ያን ጊዜ ድመቷ ከጣራ ወረደች።

ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንቆቅልሽ ይጫወቱ ነበር። ለእኔ ተጋጣሚ ስለ ጠፋ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት የቤቱ ልጅ ድመቷን አመጣችልኝ፤ እርስዋም ጠበቃዋ ሆነች። ደንቡን ወዲያው አወጣች፦ ድመቷ ዐይኗን ከጨፈነች ተስማምታለች፤ ጅራቷን ከወዘወዘች አልተስማማችም።

«እንቆቅልሽ!» አልሁ።

«‹ምን አውቅልህ› ብላለች» አለች ጠበቃዋ።

«አፍ ሳይኖረው ይጮኻል፤ እግር ሳይኖረው ጅቡቲ ይገባል።»

ድመቷ መዳፏን ላሰች። ከሰው ሁሉ ይልቅ ከድመት ጋር እንቆቅልሽ መጫወት እንደሚሻል የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ «ይህንን ዱሮ አውቀዋለሁ» ብላ አታሰለችም። ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «እንግዲህ አገር ስጪኝ!» አልሁ።

«ጎንደርን ሰጥታዎታለች፣ ጋሼ።»

«አልፈልግም።»

«ጅማን።»

«እሱም አይበቃኝም። ድሬዳዋን ስጪኝ!»

ልጅቷ ዝም አለች፤ ድመቷን ወደ ደረትዋ ሳበቻት። «ድሬዳዋ አይሰጥም» አለች። ጅራቱ አልተወዘወዘም፤ ይህን ያለችው ልጅቷ ራስዋ ነበረች።

አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። በዚያው ሳምንት የዝውውር ደብዳቤ ደርሶታል፤ ዕድገትም አለበት፤ ቦታው ግን ደጋ ነው። ድመቷ ደግሞ ለጎረቤት ትሰጣለች ተብሎ ተወስኗል። እኔ አላወቅሁም ነበር፤ አስተናጋጄም በሳቁ መካከል ሊነግረኝ አልፈለገም።

የመጠየቁ ተራ የድመቷ ሆነ። «እንቆቅልህ!» አለች ልጅቷ፤ ወዲያውም «‹አንተ› ያለችዎት እርስዋ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ» ስትል ጨመረች።

«ምን አውቅልሽ!»

«ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ አንድ ሌሊት ሲሞላ ቤት ይወስዳል።»

ግቢው ጸጥ አለ። ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገድሏል፤ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም ያለ ቤት አስቀርቷል። ልጅቷ ያን ጊዜ አልተወለደችም። ይሁን እንጂ በድሬ ያደገ ልጅ ደረቁን ወንዝ ሲሻገር ወደ ተራራው ቀና ብሎ ደመናውን ማየት ከታላላቆቹ ይማራል።

መልሱን አውቄው ነበር። «አላወቅሁም» አልሁ።

«አገር ስጠኝ!»

«አዲስ አበባን ሰጠሁሽ።»

ልጅቷ የድመቷን ጅራት በእጇ ይዛ ወዘወዘችው።

«ሐረርን።»

እንደገና ወዘወዘችው።

«እሺ፣ ድሬዳዋን ሰጠሁሽ» አልሁ፤ «ከነባቡሩ፣ ከነከፊራው፣ ከነደቻቱ።»

ድመቷ ዐይኗን ጨፈነች። ልጅቷም አቅፋ አነሣቻትና፣ «አባዬ፣ ሰምተሃል?» እያለች ወደ አባትዋ ሄደች።