የቅዳሜዋ አውሮፕላን

ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የታክሲ ሹፌር፣ ከተማሪነቱ ጀምሮ ከልቡ ያልወጣች ደሴት አለችው። ናፖሊዮን በግዞት የሞተባት ቅድስት ሄለና ናት። ባለፈው ዓመት ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ "ከእንግዲህ ለነገ የማሳድረው ነገር የለም" አለ። ከፍራንክፈርት ጆሃንስበርግ ደርሶ መልስ ርካሽ ትኬት አየና በዚያው ሌሊት ለራሱና ለባለቤቱ ገዛ። ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ነው።

ጠዋት ሚስቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። "ከጆሃንስበርግ በኋላስ?"

መልሱን ሲፈልጉት ጉዱ ወጣ። ወደ ደሴቷ የሚሄደው አውሮፕላን በአብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚነሳው። እሱ የገዛው ትኬት ደግሞ ጆሃንስበርግ የሚያደርሳቸው እዚያው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተገዙ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠየቅም። ያመለጠው መንገደኛ አንድ ሳምንት ይጠብቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ለምን በሳምንት አንዴ? ደሴቷ ከአፍሪካ ጠረፍ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አትላንቲክ መሀል ተቀምጣለች። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም 4,400 ገደማ ነው። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ መገናኛዋ ከኬፕታውን አምስት ቀን ያህል የሚጓዝ መርከብ ነበር። ባለቤቷ ብሪታንያ 285 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራችላት። በ2016 ሊመረቅ ሲል ግን በገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ነፋስ ለትልቅ አውሮፕላን አደገኛ መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች በረራ ያረፈው በጥቅምት 2017 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአነስተኛ አውሮፕላን ነው። ዛሬም ነፋሱና ጉሙ ካልፈቀዱ በረራው ይዘገያል ወይም መንገደኛውን ይዞ ይመለሳል።

ሚስትየዋ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ሰዓት ማክበር የለመደች ሴት ናት። ወረቀት አውጥታ ጉዞውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጻፈችው። መጀመሪያ የደሴቷን ቅዳሜ አስቀመጠች። ከዚያ ሐሙስ ጆሃንስበርግ መግባት አለባቸው አለች። ሁለት ሌሊት ሲያድሩ ግን ሌላ ነገር መጣ። እሱ በጀርመን ፓስፖርቱ ያለ ቪዛ ይገባል። እሷ እስካሁን የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነውና የደቡብ አፍሪካ ቪዛ ያስፈልጋታል። በአንድ አልጋ የሚተኙ ሁለት ሰዎች፣ ለአንድ አውሮፕላን ሁለት ዓይነት ሰልፍ ይሰለፋሉ።

ቀጥሎ ኢንሹራንስ መጣ። ደሴቷ ጎብኚው ሲታመም በአውሮፕላን የሚያወጣ ኢንሹራንስ እንዲይዝ ትጠይቃለች። ያለው ሆስፒታል አንድ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ በሽተኛ የሚላከው ደቡብ አፍሪካ ነው። ባልየው ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከሆስፒታል የወጣው የዛሬ ዓመት ነዋ!

እንግዲህ ለጎብኚ ይህ ሁሉ የዕረፍት ጊዜ ጣጣ ነው። ለደሴቷ ሰው ግን የዘወትር ኑሮ ነው። ታማሚው፣ ተማሪው፣ ወላጁን ሊቀብር የሚመጣው ልጅ ሁሉም ያችኑ አውሮፕላን ይጠብቃሉ። ናፖሊዮን በ1815 ከእንግሊዝ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶበታል። የመረጡለትም መውጫ ስለሌላት ነው። ለእስረኛ ታስቦ የተመረጠው ርቀት ዛሬ ነጻ ሰው የሚኖርበት ርቀት ነው። የመንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ ወጪ "አያዋጣም" እየተባለ በሚሰላበት ሁሉ ይኼ መታሰብ አለበት።

ባልና ሚስቱ አልተጣሉም። የመጀመሪያው ትኬት ገንዘብ ቀልጦ ቀረ። አዲሱ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። እሷ ሥራ የምትገባበት ቀን ከመመለሻው በረራ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ተጽፏል፤ ነፋሱ ቢያስቀራቸው ብላ። ትኬት መግዛት የሚለው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። የመጀመሪያውን መስመር የጻፈው እሱ ራሱ ነው። "የልብ ሐኪም ቀጠሮ" ይላል።