ባዶው መቃብር

ሰው ሲሞት ዘመድ ወዳጅ አልቅሶ ይቀብረዋል፤ በመቃብሩም ላይ ድንጋይ ያኖርለታል። መርዶው ደርሶ አስከሬኑ ያልተገኘለት ወታደር ግን መታሰቢያው ወዴት ይሁን? እንግሊዛዊው አርክቴክት ኤድዊን ሉትየንስ መልስ እንዲፈልጉለት የተጠሩበት ጥያቄ ይህ ነበር።

ሉትየንስ እ.ኤ.አ. በ1869 በለንደን ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሕመምተኛ ስለ ነበሩ በትምህርት ቤት ብዙ አልቆዩም። አስቀድሞ ስመ ጥር ያደረጓቸው ለባለጸጎች የነደፏቸው የገጠር መኖሪያ ቤቶች ናቸው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በ1917፣ ስለ ወታደሮች መቃብር አሠራር ምክር ተጠይቀው ወደ ፈረንሳይ ተጓዙና የጦር ሜዳውን ተመለከቱ። ብዙዎች በየመካነ መቃብሩ መስቀል እንዲቆም ይሹ ነበር። እርሳቸው ግን ከሞቱት መካከል ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ሂንዱውም፣ አይሁዳዊውም ስላሉ ለሁሉም የሚሆን፣ የሃይማኖት ምልክት የሌለበት ረጅም ድንጋይ ይቀመጥ ሲሉ ተከራከሩ። በመጨረሻም በትልልቆቹ መካነ መቃብሮች መስቀሉም ድንጋዩም አብረው ቆሙ።

በ1919 በለንደን ለሚደረገው የሰላም በዓል ሉትየንስ ከእንጨትና ከጀሶ ጊዜያዊ ሐውልት ሠሩ። ስሙም «ሴኖታፍ» ተባለ፤ በግሪክ ቋንቋ ባዶ መቃብር ማለት ነው። መንግሥት የሟቾቹ አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ ወስኖ ስለ ነበር፣ መቃብር አጥተው የቆዩ እናቶችና ሚስቶች በሐውልቱ ሥር አበባ ያኖሩ ጀመር። ለጥቂት ቀን የታሰበው ሥራ እንዳይፈርስ ሕዝቡ ስለ ጠየቀ፣ በድንጋይ ተሠርቶ ኅዳር 11 ቀን 1920 ተመረቀ። በላዩ የድል አድራጊ ምስል የለም። ጎኖቹም ቀጥ ያሉ ይምሰሉ እንጂ ወደ ላይ በጥቂቱ እየተቀራረቡ የሚሄዱ ናቸው።

በ1932 በፈረንሳይ በቲየፕቫል የተመረቀው ባለ ቅስት ሕንጻቸው ደግሞ የደረሱበት ያልታወቀ ከ72,000 በላይ ወታደሮችን ስም ይዟል። የአንዱ አፅም ተገኝቶ ማንነቱ ሲረጋገጥ በክብር ይቀበራል፤ ስሙም በጊዜው ከግድግዳው ይነሣል።

ሉትየንስ በ1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ሳለ ዐረፉ። ሐውልት ጦርነትን አያስቀርም፤ የሞተው ሰው ግን ቁጥር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ይጠብቃል።