«እኛ» ስንል «ኛ» የሆነብን ሰሞን

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ስንወጣ የጠበቀን የጋዜጣ ጠረጴዛ ስላልነበረ፣ እኛ ሁለት ደባሎች የምንኖረው የሰው ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥን ነው። የላፕቶፓችን የራሱ ቁልፎች ከሞቱ ቆይተዋል። ስለዚህ እንጀራችን የተንጠለጠለው ተዋጥተን በገዛነው አንድ ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ ነው። ዓርብ ማታ እሱ ላይ ማኪያቶ ተደፋ። (ማን ደፋው እንዳትሉን። «እኛ» ነን። ደባልነት እንዲህ ነው!)

ዋናዋ ሟች በላቲኑ «ኢ» የምትባለው ቁልፍ ነበረች። አማርኛን በላቲን ቁልፍ የምትጽፉ ጉዳቱ ይገባችኋል። «ል» ላይ እሷን ስትጨምሩ ነው «ለ» የሚመጣው። እሷ ከሌለች ግዕዙ ሁሉ ሳድስ ይሆናል። «ከተማ» ስንል «ክትማ»፣ «ገንዘብ» ስንል «ግንዝብ»። ይባስ ብሎ እኛ በምንጠቀመው አጻጻፍ «እ»ም የምትመጣው ከዚያችው ቁልፍ ነው። «እኛ» ብለን ጻፍንና ስክሪኑ ላይ የቀረው «ኛ» ብቻ ሆነ። ሰኞ ጠዋት የአራት ሰዓት ቃለ ምልልስ ማስረከብ አለብን። ካላስረከብን የቤት ኪራይ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰውየው ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ አይጠገንም፣ ሌላ ግዙ» አለን። በምን ሒሳብ?

ቤት ተመልሰን ትሪ ላይ አስቀመጥነውና ገመዱን ከላፕቶፑ ነቀልን። የፊደሉን ቆብ ወደ ላይ ስታነሱት ከስሩ ትንሽ ሳጥን ታገኛላችሁ፤ ስዊች የሚባለው እሱ ነው። የኛዎቹ የጀርመኑ ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣውን ኤምኤክስ የሚባለውን ዓይነት አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ደግነቱ በብየዳ አልተያዙም። ከላይና ከታች ያሉትን ጥርሶች በወረንጦ ጫን ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ስትስቡ ሳጥኑ ተነቅሎ ይወጣል። በብየዳ የተያዘ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ብየዳውን ማቅለጥ ግድ ይሆን ነበር።

ችግሩ ሳጥኑን መክፈት ላይ ነው። ክዳኑን የያዙት አራት መንጠቆዎች ናቸው፤ በአንድ ጎን ሁለት፣ በሌላው ጎን ሁለት። እኛ ይህን ሳንቆጥር ቀጭን ካቻቪቴ አንዱ ስር ሰክተን ወደ ላይ ጎነተልን። ቅጭ! መንጠቆው ተሰበረ። ቀጥሎ «አልኩሽ አይደል?» መጣ፤ ቀጥሎ ኩርፊያ። ሩብ ሰዓት ያህል እኛ «እኛ» አልነበርንም።

የተሰበረውን ደጋግመን ስናየው ግን ምስጢሩ ገባን። አንዱን መንጠቆ ብቻ ስትጎነትሉ ሌሎቹ ክዳኑን ይዘው ስለሚቀሩ ኃይሉ ሁሉ ያ አንዱ ላይ ያርፋል። መፍትሔው የአንዱን ጎን ሁለት መንጠቆዎች እኩል ማላቀቅ ነው። የወረንጦውን ሁለት ጫፎች ከፈት አድርጋችሁ አንዱን በአንዱ መንጠቆ፣ ሌላውን በሌላው ስር ታስገቡና ቀስ ብላችሁ ታዘነብሉታላችሁ። ያ ጎን ብድግ ሲል ዞራችሁ ሌላውን። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ መክፈቻም አለ። ስዊቹን በትክክለኛው አቅጣጫ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ስትጫኑት አራቱንም በአንዴ ይከፍታል። እኛ ግን ያለን የቅንድብ ወረንጦ ነው።

ውስጡ ያን ያህል አያስፈራም። ክዳን፣ ወጣ ገባ የሚል የፕላስቲክ ምሰሶ፣ ሞላ፣ ከታች ደግሞ ስስ የብረት ምላስ የያዘ መቀመጫ። (ሞላው ዘሎ አልጋ ስር ገባ፤ ለዚህ ነው ትሪ የሚያስፈልገው።) ምሰሶው ላይ እያለ በእግሮቹ ምላሱን ገፍቶ ይይዘዋል። ስትጫኑት እግሮቹ ዝቅ ይሉና ምላሱ ይነካካል፤ ፊደሉ ይሄዳል። በኛው ዓይነት ምሰሶው በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚሄደው ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። በኛ ምላስ ላይ የስኳር ወተት ደርቆ ተጋግሯል። ጥጥ በአልኮል ነክረን ጠረግነው፤ በደንብ እስኪደርቅም ጠበቅን። ሲገጠም የምሰሶው እግሮች ወደ ምላሱ መዞር አለባቸው።

በጎረቤት ያሉት አራት ቁልፎችም እየተጣበቁ ስለነበር እነሱንም ከፈትን። አንድም መንጠቆ አልተሰበረም። በሦስት መንጠቆ የቀረው የ«ኢ» ስዊች ግን ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ምን ይሻላል ስንል ዓይናችን ማንም ነክቷት የማያውቅ ስክሮል ሎክ ላይ አረፈ። የእሷን ጤነኛ ስዊች ነቅለን ለ«ኢ» ሰጠን፤ ቁስለኛውን ጡረታ እንዲወጣ እሷ ቦታ ተከልነው። ይህን ዓርብ ማታውኑ ማድረግ እንችል ነበር ወይ? ለ«ኢ» ብቻ ቢሆን አዎ። ለቀሩት አራት ግን መክፈት መማር ነበረብን፤ ክፍያውም ያቺ አንድ መንጠቆ ነበረች።

እሁድን ሙሉ እየተፈራረቅን ጻፍን፤ ሰኞ ጠዋት አስረከብን። ቅጂው ላይ የሚናገሩት እናት ስለ ሰፈራቸው ሲያወሩ አንድም ቀን «እኔ» አይሉም፤ ሁሌም «እኛ» ነው። አንድ በአንድ፣ ከነ«እ»ው ጻፍንላቸው።

ቸር ያሰንብተን። ማኪያቷችሁንም ራቅ አድርጉ።