«ማንም አላወቀም» የተባሉት ወታደር

አልበርት ካሺየር እግራቸው የተሰበረው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በሽምግልናቸው፣ በሰላሙ ጊዜ ነው። የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር የነበረው አይራ ሊሽ፣ ሶነሚን በምትባል መንደር መኪናውን ሲያንቀሳቅስ በቀን ሥራ የሚያገለግሉትን እኒህን ሽማግሌ ገጫቸው። ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ አጥንቱን ሊያቃና ልብሳቸውን ሲገልጥ፣ መንደሩ ለአርባ ዓመት ያህል በወንድነት ያወቃቸው የቀድሞ ወታደር በሴት አካል የተወለዱ መሆናቸውን አየ። ካሺየር ለማንም እንዳይነገርባቸው ለመኑ። ሐኪሙ ዝም አለ፤ ሴናተሩም ዝም አለ።

እኔ ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ ይህ ክፍል አልነበረበትም። እዚሁ ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። አበሻው «ሲኤንኤ» የሚለው ሥራ ነው፤ አሜሪካ ካለነው ስንቶቻችን በዚህ በር አልፈናል! ከምንከባከባቸው አንዲት እናት የሊቪንግስተን ካውንቲ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ የሌሊት ልብሳቸውን ሳለብሳቸው የተወለዱበትን አገር ወሬ ያጫውቱኝ ነበር። ከጨዋታቸው አንዱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በወንድ ስም ዘምታ፣ ከጦርነቱ ተመልሳም በአካባቢያቸው እንደ ወንድ ስለኖረች ሴት ነው። «ማንም አላወቀም» ይሉኛል። ከእናታቸው የሰሙትም እንዲሁ ነው።

ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ወጣትና ጤነኛ የሆነ ሰው ገላውን መሸሸግ ይችላል። ያረጀና የታመመ ሰውን ግን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ ልብሱን የሚቀይርለት ሌላ ሰው ነው። እኒህ ሰው ሰባ ዓመት አልፏቸው ኖረዋል። ወድቀው፣ ታመው፣ ተኝተው ያውቃሉ። ያጠባቸው እጅ ይኖራል። ያ እጅ የማን ነበር? አውቆስ ምን አደረገ? በዕረፍት ቀኖቼ መጻሕፍት ማገላበጥና መንገድ መውጣት የጀመርኩት ይህን ለማወቅ ነው።

ደግነቱ ወረቀት አለ። የካሺየር የጡረታ መዝገብ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ዲአን ብላንተንና ሎረን ኩክም በእርስ በርስ ጦርነቱ ስለተዋጉ ሴቶች በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪካቸውን አስፍረውታል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ካሺየር በ1843 በአየርላንድ የባሕር ዳርቻ፣ ክሎገርሄድ በምትባል መንደር ጄኒ ሆጀርስ ተብለው ተወለዱ። የወንድ ልብስ እንዴት እንደለበሱ ራሳቸው በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ተናግረዋል፤ አንዱ፣ የእንጀራ አባታቸው በጫማ ፋብሪካ ሊያስቀጥራቸው ብሎ ነው ያለበሳቸው የሚል ነው። ኦገስት 6 ቀን 1862 ቤልቪዴር ከተማ ላይ «አልበርት ዲ. ጄ. ካሺየር» ብለው በሰሜኑ ጦር፣ በ95ኛው የኢሊኖይ እግረኛ ሬጅመንት ለሦስት ዓመት ተመዘገቡ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ የፈረሙት በ«ኤክስ» ምልክት ነው። ቁመታቸው አንድ ሜትር ከስድሳ ቢሆን ነው፤ በሻምበሉ ከእሳቸው የሚያጥር አልነበረም። የጤና ምርመራውስ? እጅና እግር ማሳየት ብቻ። አንድ የሻምበላቸው ጓድ ከብዙ ዓመት በኋላ በሰጠው የምስክርነት ቃል፣ እሱም ሲመረመር ልብሱን አውልቅ እንዳልተባለ ተናግሯል።

ያኔ ሴት ወታደር መሆን አይፈቀድላትም ነበር። ሆኖም የታሪክ ተመራማሪዎች በሰሜኑም በደቡቡም በወንድ ልብስ የዘመቱትን በመቶዎች ይቆጥሯቸዋል። ከወኔው ጋር ገንዘቡም ነበረበት፤ የተራ ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር ነው፣ የቤት ሠራተኛ ሴት አታልመውም። ሳራ ሮዜታ ዌክማን የምትባል የኒውዮርክ ገበሬ ልጅ «ላዮንስ» ብላ ስትመዘገብ 152 ዶላር እንደተቀበለች ለቤተሰቧ ጽፋለች፤ በ1864 በሉዊዚያና ታማ ሞታ በወንድ ስሟ ተቀበረች። ሳራ ኤማ ኤድመንድስ ደግሞ «ፍራንክሊን ቶምፕሰን» ተብላ ከተዋጋች በኋላ ቀሚሷን መልሳ ለበሰች፣ አገባች፣ ወለደች፤ በ1884 ኮንግረስ ጡረታ ፈቀደላት። የእኛዎቹ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌና ወይዘሮ ከበደች ስዩም ጣሊያንን የተፋለሙት በገዛ ስማቸው፣ ሴትነታቸው እየታወቀ ነው። አርበኛ ለመባል ስማቸውን መጣል አላስፈለጋቸውም። በአሜሪካ ግን ሕጉ በሩን ስለዘጋ፣ የቆረጠች ሴት ሁሉ የምትገባው በሌላ ስም ነበር።

ካሺየር በውጊያ ከማንም አላነሱም። ሬጅመንቱ ወደ 40 በሚጠጉ ውጊያዎች ተሰልፏል። በ1863 የቪክስበርግ ከተማን ለ47 ቀናት ከከበቡት መካከል ነበር። እዚያ ካሺየር ለቅኝት ወጥተው ተማርከው ነበር፤ የጠባቂያቸውን ጠመንጃ ነጥቀው፣ ጠባቂውን ጥለው ወደ ጓዶቻቸው ሮጠው መመለሳቸው ይተረካል። በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ሚሲሲፒ ውስጥ ገንታውን ከተማ አጠገብ በተደረገው ውጊያ የሬጅመንቱ አዛዥ ኮሎኔል ሃምፍሪ ወደቀ፤ ጦሩ ክፉኛ ተመታ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በጥይትና በበሽታ የሞቱት የሬጅመንቱ ሰዎች 289 ናቸው። ካሺየር ከተረፉት ጋር በኦገስት 1865 ተሰናበቱ። ጓዶቻቸው የሚያስታውሷቸው ጢም የሌላቸው፣ ዝምተኛ፣ ብቻቸውን መሆን የሚወዱ፣ ግን አደገኛ ግዳጅ ሲመጣ ወደኋላ የማይሉ ሰው አድርገው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን ነው ከሌሎቹ የሚለያቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ወደ ቀሚሳቸው ተመለሱ። ካሺየር አልተመለሱም። በ1869 ሶነሚን ገቡ፤ ጆሹዋ ቼዝብሮ የሚባል ገበሬ ሥራ ሰጣቸው፣ ኋላም ትንሽ ቤት ሠራላቸው። እርሻ ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ጠረጉ፣ ማታ ማታ የመንደሩን የመንገድ ፋኖስ አበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሴቶች የመምረጥ መብት የታወቀው በ1920 ነው፤ እሳቸው ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በምርጫ ቀን ድምፃቸውን ሰጥተዋል። የወታደር ጡረታቸውንም ይቀበሉ ነበር።

ሶነሚን ከቺካጎ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ መካከል ያለች፣ 500 ሰው የማይሞላባት መንደር ናት። ካሺየር የኖሩባት ቤት ከመፍረስ ተርፋ፣ ታድሳ ቆማለች። ፊቷ ቆሜ ሳያት ጥያቄዬ ግማሹ የተመለሰ መሰለኝ። ይህች ጠባብ የእንጨት ቤት የሚያስሉትን ሳል ለጎረቤት ታሰማለች። በእንዲህ ያለ መንደር፣ በእንዲህ ያለ ቤት፣ ሚስት ሳያገቡ፣ ጢም ሳያበቅሉ፣ በበጋ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ ሰውን ማንም አልጠረጠራቸውም ማለት ለመንደርተኛው ብልህነት መንፈግ ነው።

መዝገቡም ይህንኑ ይላል። ላነን የሚባሉ ጎረቤቶች ነበሯቸው፤ በሽምግልናቸው ምግብ የሚበሉት እነሱ ዘንድ ነበር። ካሺየር ሲታመሙ ላነኖች ምስጢሩን አወቁ፤ አላወጡትም። ከዚያ በመኪናው አደጋ ሐኪሙ አወቀ፣ ሴናተሩ አወቀ። ሜይ 5 ቀን 1911 ኩዊንሲ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ወታደሮች መኖሪያ ሲወሰዱ፣ የመኖሪያው ኃላፊና የሚንከባከቧቸው ጥቂት ሰዎች እንዲያውቁ ተደረገ፤ እነሱም ጠበቁት። ስፈልጋቸው የነበሩት እጆች እነዚህ ናቸው። ገበሬዎች፣ ሐኪም፣ አስታማሚዎች። አንዳቸውም ጋዜጠኛ አልጠሩም። ለእኒያ እናት ያገኘሁትን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ደግ ሰዎች ነበሩ» አሉ።

ዝምታው የተሰበረው ካሺየር የማስታወስ ችሎታቸው ሲደክም ነው። ወሬው ወጣ፤ በየአገሩ ጋዜጣ ላይ ታተመ። በማርች 1914 የአእምሮ ሕመምተኛ ናቸው ተብሎ ዋተርታውን ወዳለው የግዛቱ ሆስፒታል ተላኩ፤ ከሴቶች ክፍል ገቡ፤ ቀሚስ እንዲለብሱ ተገደዱ። ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሱሪ ለባሽ ናቸው። ቀሚሱን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ሱሪ ሊያስመስሉት ይሞክሩ እንደነበር፣ በዚያ ባልለመዱት ልብስ ተጠላልፈው ወድቀው እንደተሰበሩ፣ ከዚያም ከአልጋ እንዳልተነሱ ይነገራል።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ሰዎች በየቀኑ አለብሳለሁ። የልጆቻቸውን ስም ረስተው እንኳ የማይፈልጉትን ልብስ በእጃቸው የሚገፉ አሉ፤ አንዳንዴ ከሰውዬው ማንነት የቀረው ያ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሺየር «ማን ነበሩ» ለሚለው ክርክር መልሴን ያገኘሁት ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከዋተርታውን ነው። አንዳንዶች በወንድነት የኖሩት ለደመወዙ፣ ለጡረታው፣ ለነፃነቱ ሲሉ ነው ይላሉ። በእርግጥም ለድሃ ስደተኛ ሴት ያን ሁሉ የሚያስገኝ ሌላ መንገድ አልነበረም። ሌሎች ዛሬ ትራንስጀንደር የምንላቸው ዓይነት ሰው፣ በውስጣቸው ወንድ ነበሩ ይላሉ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። ዋተርታውን ላይ ምስጢሩ ወጥቷል፤ የሚያገኙት ደመወዝ የለም፣ የሚመርጡት ምርጫ የለም፣ የሚያታልሉት ሰው የለም። ያም ሆኖ ቀሚሱን እንቢ አሉ። ለጥቅም የተለበሰ ልብስ ጥቅሙ ሲያልቅ ይወልቃል፤ የእሳቸው ግን ከገላቸው የተለየ አልነበረም።

የጡረታ ቢሮው ማጭበርበር አለ ብሎ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ያረጁት የ95ኛው ሬጅመንት ሰዎች ለምስክርነት ተጠሩ። ሴት ሆነው መወለዳቸውን አናውቅም ነበር አሉ፤ ግን ይህ ያ አብሮን የተዋጋው ካሺየር ነው ብለው መሰከሩ። ደፋር ወታደር እንደነበሩም ተናገሩ። ጓዳቸውን አዩት እንጂ ተታለልን ብለው አልተቆጡም። ቢሮውም ሰውዬው በእርግጥ የዘመቱት ካሺየር ናቸው ብሎ ወሰነ፤ ጡረታው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከፈለ።

በኦክቶበር 1915 ሲያርፉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የደንብ ልብሳቸውን አልብሶ፣ በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሶነሚን ቀበራቸው። መቃብራቸው ላይ የተጻፈው ስማቸውና የጦር ክፍላቸው ነበር፦ አልበርት ዲ. ጄ. ካሺየር፣ ሻምበል «ጂ»፣ 95ኛ የኢሊኖይ እግረኛ። የንብረታቸው ኃላፊ የነበረው የባንክ ሰው ሲንግልተን ወራሽ ፍለጋ ዘጠኝ ዓመት ከደከመ በኋላ ነው የአየርላንዱን ስማቸውን ያረጋገጠው። በ1970ዎቹ ሁለቱንም ስም የያዘ ሌላ ድንጋይ ቆመላቸው። ቪክስበርግ ላይም የኢሊኖይ መታሰቢያ አለ፤ ደረጃው በከበባው ቀናት ልክ 47 ነው፣ ውስጡ በነሐስ የተጻፉት የወታደር ስሞች 36,325 ናቸው። «አልበርት ካሺየር» ከእነሱ መካከል አለ።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ወይም እህታችሁ፣ ባለቤታችሁ፣ እናታችሁ ናት። የሰው ቁም ሣጥን ከመክፈታችሁ በፊት ምን መልበስ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። መናገር ካቃታቸው የሚያውቋቸውን ጠይቁ፤ መልሱንም በኬር ፕላናቸው ላይ አስጽፉ፣ ከእናንተ በኋላ ፈረቃ የሚገባው እንዲያነበው። ስታጥቧቸው ያያችሁትን ደግሞ፣ እንደ ላነኖች፣ ከክፍሉ አታውጡት።