በሶፍ ዑመር ዓምዶች መካከል

በዚህ ወር ወደ ባሌ ይዘናችሁ እንጓዛለን። ከሮቤ ተነስተን ጎሮን እንዳለፍን ደጋው ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ዌብ ወንዝም ከገደሉ ሥር ገብቶ ይሰወራል። ሸኽ ሶፍ ዑመር በዚህ ዋሻ ተጠልለው ዒባዳ ያደርጉ እንደነበር አባቶች ይተርካሉ፤ ሕዝበ ሙስሊሙም ይዘይረዋል። የውስጥ መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ።

አብረውን ከመጡት ተማሪዎች አንዱ የጎሮ ልጅ ነው። «የዋሻ ዓምድ እንዴት ይፈጠራል?» ብለን በፈተና ብንጠይቅ፣ «ውኃ ያስተረፈው ድንጋይ ነው» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግንበት። እኛ ያስተማርነው ሌላ ነበራ! ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ ኖራውን ጠብታ በጠብታ እያስቀመጠ፣ ከላይ የወረደው ከታች ከበቀለው ጋር ሲገናኝ ዓምድ ይሆናል ብለን ነው። በብዙ ዋሻ እውነት ነው።

እዚህ ግን ባትሪያችንን ከፍ አድርገን ስናይ፣ በዓምዶቹ ላይ ያሉት የንብርብር መስመሮች ከግድግዳው መስመሮች ጋር ይገጥማሉ። ሱብሐነላህ! ዓምዱና ግድግዳው አንድ ዓለት ነበሩ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ ይህን ምድር ባሕር ሸፍኖት ነበር። ዛጎል ያላቸው ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው ደቆ ከኖራ ጭቃ ጋር በባሕሩ ወለል ተነባበረ፤ የላዩ ክብደትም የታችኛውን ጨምቆ ድንጋይ አደረገው። ከዚያ ባሕሩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሸሸ፤ ምድሪቱም ከፍ አለች። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል። በስንጥቅ እየገባ ኖራውን ያሟሟል። ወንዙም ስንጥቆቹን አሰፋቸው፤ በመካከላቸው የተረፈው ዓለት ዓምድ ሆኖ ቀረ። ልጁ ትክክል ነበር።

የኖራ ድንጋይ ዓይነቱ ብዙ ነው። ዛጎሉ በዓይን የሚታይበት አለ፤ እንደ ዓሣ እንቁላል ከድቡልቡል ቅንጣቶች የተያያዘ አለ፤ ረቂቅ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት የሠራው ለስላሳ ነጭም አለ። በክፍል ያወራነው የጠብታ ድንጋይ የዚሁ ዘመድ ነው። ሙቀትና ግፊት ሲለውጠው ደግሞ እብነ በረድ ይሆናል።

ልጁን ጠርተን በጓደኞቹ ፊት «አፉ በለን» አልነው። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ «ኡስታዝ፣ ማርኩስ?» ቢል ሳቁ ዋሻውን ሞላው። 2 ማርክ ነበር፤ እዚያው በባትሪ ብርሃን ጻፍንለት።